ውሃን ለሁለት የሚከፍለው ማሽን

ከሲንኩ አጠገብ ተቀምጦ በቀጭን ቱቦ ከቧንቧው ጋር የሚገናኝ ሳጥን ነው። ሻጮቹ «አልካላይን ማሽን» ይሉታል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለ ተአምሩ የሚወራውን ለጊዜው እንተወውና ሆዱን ከፍተን እንየው።

ውሃው መጀመሪያ በከሰል ማጣሪያ ያልፋል፤ የክሎሪኑ ሽታ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ፕላቲኒየም የተለበጡ የቲታኒየም ሳህኖች ወደተደረደሩበት ጠባብ ክፍል ይገባል። በሳህኖቹ መካከል ስስ መለያያ አለ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ በኔጋቲቩ ሳህን በኩል ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣና ውሃው አልካላይን ይሆናል፤ በፖዘቲቩ በኩል ደግሞ ኦክስጅን ወጥቶ አሲድ ይቀራል። የመጀመሪያው ለመጠጥ ይቀዳል፣ ሁለተኛው በሌላ ቱቦ ወደ ሲንኩ ይፈሳል። ቧንቧውን ቀነስ ካደረጉት ውሃው በሳህኖቹ መካከል ስለሚቆይ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያው፣ ከፍ ይላል። ማዕድን የሌለው ውሃ ቢገባበት ግን ማሽኑ አይሠራም ማለት ይቻላል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉት በውሃው የሟሟት ማዕድናት ናቸውና።

ሻጮች የሚወዷት አንዲት ትርኢት አለች። ሻይ ቅጠል በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፤ በማሽኑ ውሃ ያለው ቶሎ ይጠቁራል። «አያችሁ፣ እንዴት ዘልቆ እንደሚገባ!» ይባላል። በሻይ ላይ ሎሚ ጠብ ሲደረግ ቀለሙ እንደሚሳሳ የማያውቅ ማን አለ? ይህም ያው ነው፤ የሻይ ቀለም በአሲድ ይፈዛል፣ በአልካላይን ይደምቃል። ስለ ጤና የሚነግረን ነገር የለም።

ደማችንን አልካላይን ያደርጋል የሚለውም አያስኬድም። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል የሚጠበቀው በሳንባና በኩላሊት ነው። ውሃው ገና ጨጓራ ሲደርስም ከአሲድ ጋር ይገናኛል። ፒኤቹ 9.5 በሆነ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው፣ ውሃውን አልካላይን የሚያደርገው ሃይድሮክሳይድ ማምከን የሚችለው ፒኤቹ 2 የሆነ የጨጓራ አሲድ ሦስት ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

ፒኤች ብቻውን እንዴት እንደሚያሳስት አምቦ ውሃ ጥሩ ምስክር ነው። በጋዙ ምክንያት ቢለካ አሲዳም ነው። ነገር ግን በውስጡ ብዙ ባይካርቦኔት ስላለ፣ ጋዙ በግሳት ከወጣ በኋላ አሲድ የማምከን አቅሙ ከማሽኑ ውሃ ይበልጣል።

ማሽኑ ስም ያገኘው በጃፓን ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 የቤት ውስጥ የሕክምና መሣሪያ አድርጎ ተቀብሎታል፤ የተፈቀደለት ግን ለጨጓራና ለአንጀት መታወክ እንጂ ለካንሰር ወይም ለስኳር አይደለም።

ገዝቶ ያስገባ ሰው ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ኖራ በሲትሪክ አሲድ በየጊዜው ማጠብ፣ ማጣሪያውንም መቀየር አለበት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር ባይጀምር ይሻላል። ፍሎራይድ በሚበዛበት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ገንዘቡ ፍሎራይድ ለሚያስቀር ማጣሪያ ቢውል ይበጀዋል፤ ይህ ማሽን ለዚያ አልተሠራም።