ስለ ቤት ጥገና ውል፦ ከእንጦጦ ማርያም ሰፈር የተገኘ ትምህርት

ነጋዴ ማንኛውንም ዕቃ ሲገዛ ዓይነቱን፣ መጠኑን፣ ዋጋውንና የሚረከብበትን ቀን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ከካዝናው አያወጣም። ከውጭ አገር የሚያስመጣውም በቅድሚያ ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ በባንክ በኩል ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይከፍታል፤ ዕቃው ሲደርስም ከሰነዱ ጋር እያመሳከረ ይረከባል። ነገር ግን ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ የመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ያፈሰሰ፣ የሱቁ ግድግዳ የተሰነጠቀ ወይም የመጋዘኑ ወለል የረጠበ እንደ ሆነ፣ ያገኘውን ሠራተኛ ጠርቶ በቃል ይስማማና የሒሳቡን ግማሽ ቀብድ ብሎ ያስጨብጠዋል። ይህ ልማድ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል ስላልሆነ፣ ስለ ቤት ጥገና ሥራና ስለ አነስተኛ ሥራ ተቋራጮች ጥቂት ሐሳብ ለአንባብያን ለማቅረብ ወድጃለሁ።

ይህን ስጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አስቤ አይደለም፤ ወቀሳው አስቀድሞ የሚደርሰው ለእኔው ለራሴ ነው። በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ የንግድ ቤት በጸሓፊነት ማገልገል ከጀመርሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ስንት የሽያጭ ውል እንደ ጻፍሁ፣ ስንት ደረሰኝ እንዳመሳከርሁ ቁጥሩን አላስታውሰውም። ሆኖም የእናቴ ቤት ጥገና ባስፈለገው ጊዜ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልጻፍሁም።

እናቴ የምትኖረው ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። ቤቱ አባቴ ያሠራው፣ በባሕር ዛፍ እንጨት የቆመ፣ በጭቃ የተመረገና ቆርቆሮ የለበሰ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሰኔ ወር ሲገባ ጣሪያው በሦስት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። በወዳጅ አማካይነት አንድ ሥራ ተቋራጭ ተገኘ፤ ቤቱን ከደጅ ሆኖ ተመለከተና በአንድ ሳምንት እንደሚጨርስ ተናግሮ የሒሳቡን ግማሽ ተቀበለ። በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች መጥተው በጓዳው በኩል ያለውን አሮጌ ቆርቆሮ አነሡ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልተመለሱም። ስልክ ሲደወል መልሱ ዛሬ ነገ ሆነ። በዚህ መካከል የሐምሌ ዝናም ደረሰ። ሸራ ብንወጥርም ነፋሱ ገለጠው፤ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ምርጊቱን አራሰው፤ አንድ ሌሊትም የጓዳው ግድግዳ ግማሹ ተንዶ አደረ።

እናቴ በሰው ላይ አደጋ ስላልደረሰ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እኔ ግን ነገሩን ለአሠሪዬ በነገርኋቸው ጊዜ የመለሱልኝ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ «ከእኔ መጋዘን አንድ ካርቶን ሚስማር ያለ ወረቀት አታስወጣም፤ የእናትህን ጣሪያ ግን ያለ ወረቀት አስነሣህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጉዳዩን በሽማግሌ ለመጨረስ ተቀምጠን ሳለ ተቋራጩ የተቀበለው ገንዘብ አሮጌውን ክዳን ለማንሣትና ለእንጨት መግዣ እንደ ሆነ ተናገረ፤ እኛም ለሙሉ ሥራው ነው አልን። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ጽሑፍ ስለሌለ የማንኛችንን ቃል እንደሚቀበሉ ተቸገሩ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን በዚያ ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው የጭቃ ቤት መቼም መፍረሱ አይቀርም፣ ጥገናውም ገንዘብ ማባከን ነው ይል ይሆናል። እንዲህ ላለው ሰው መልሱ ከእናቴ ቤት ሽቅብ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸውን በእንጦጦ አድርገው በነበረበት ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ከድንጋይ፣ ከእንጨትና ከጭቃ፣ ክዳኑም ከሣር ነው። ይህ ቤት 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራ ላይ፣ ነፋስና ዶፍ በሚፈራረቁበት ስፍራ፣ ከ130 ዓመት በላይ ሊቆይ የቻለው ሣሩ ሲያረጅ እየተከደነ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ እየተመረገ ስለ ኖረ ነው። ቤትን የሚያፈርሰው የጭቃው ዓይነት ሳይሆን የጥገናው መዘግየት ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በዚያው ሰፈር የሚሠራ ሌላ ተቋራጭ ጠራን። ይህ ሰው ቢሮ የለውም፤ አብረውት የሚሠሩትም አንድ አናጢ፣ አንድ ግንበኛና ሁለት የቀን ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ሥራውን የጀመረው ግን እንደ ፊተኛው ዋጋ በመናገር አልነበረም። ወደ ጣሪያው ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የእያንዳንዱን ቋሚ እንጨት ሥር በረጅም ሚስማር ወጋ ወጋ እያደረገ መረመረ። በጓዳው በኩል ሚስማሩ እንደ ቅቤ ዘልቆ ገባ፤ እንጨቱ ከመሬት በሚገናኝበት በኩል በስብሶ ነበር። ወደ እናቴም ዘወር ብሎ፣ «እማማ፣ ጣሪያውን ብቻ ባድስልዎ ገንዘብዎን መቀበሌ ነው እንጂ ቤትዎን መጠገኔ አይደለም» አላት።

ቀጥሎም እናቴ ግድግዳው እንደ ጎረቤት ቤት በሲሚንቶ ይለሰንልኝ ብትለው፣ ሥራው ለእርሱ የበለጠ ገንዘብ የሚያስገኝለት ሆኖ ሳለ አልተቀበላትም። ምክንያቱንም አስረዳ። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ በላዩ በቀጥታ የተለጠፈ ሲሚንቶ ግን ደረቅ ስለ ሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ከውስጥ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለብዙ ቀናት የቦካ ጭቃ ነው። ሲሚንቶው የሚያስፈልገው ከታች ነው፤ የበሰበሰው የእንጨት ሥር ተቆርጦ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶ፣ ቋሚው በግንቡ ላይ ቢያርፍ የመሬት እርጥበት አያገኘውም። ግንቡም ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ ሊቆይ ይገባል፤ ሳይጠጣ የደረቀ ሲሚንቶ ጥንካሬ አይኖረውም።

ስለ ጣሪያውም እንዲሁ የተለየ ማስተዋል ያስፈልጋል። ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ነጋዴው ቢያውቅም ገዢው ብዙ ጊዜ አያውቅም። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው፣ ባለ 35 ጌጅ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። እንደ እንጦጦ በረዶና ነፋስ በሚበረታበት ስፍራ የስስ ቆርቆሮ ዕድሜ አጭር ነው። ሚስማሩም መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። የእናቴ ጣሪያ መጀመሪያ ያፈሰሰው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ከሦስቱ ቀዳዳዎች ሁለቱ በቦዩ ላይ የተመቱ ሚስማሮች ሆነው ተገኙ። በሰኔ ወር በጥቂት ሚስማርና በጥቂት ቆርቆሮ ሊጠገን ይችል የነበረው ነገር በጥቅምት ወር ግድግዳና ምሰሶ እስከ መለወጥ አደረሰን። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ ውሉን ጻፍሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሥራና የቤት ጥገና ውልን ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውሎች ጋር ይመድበዋል። በቁጥር 3039 እንደ ተደነገገውም ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ ነው፤ ይህንንም ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ስምምነት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሕጉ ለባለቤቱ ትልቅ ጋሻ ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ምን እንደ ተሠራና መቼ እንደ ተረከበ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሰው ጋሻውን ማንሣት ይቸግረዋል።

አንባብያን ሊጠቀሙበት ይችሉ ዘንድ፣ በውሉ ውስጥ ያስገባናቸውን ዋና ዋና ነገሮች ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ።

1ኛ/ ሥራው በዝርዝር ተጽፏል። «ቤቱን መጠገን» የሚል ቃል አልበቃንም፤ የትኛው ቋሚ እንደሚለወጥ፣ ግንቡ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚነሣ፣ ስንት ቆርቆሮ እንደሚለብስ ተቈጥሮ ገብቷል።

2ኛ/ የዕቃው ዓይነት ተለይቷል። የቆርቆሮው ጌጅ፣ የሚስማሩ ዓይነት፣ የሲሚንቶው መጠን በኩንታል ተጽፎ፣ ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ በደረሰኝ እንዲገዛ ሆኗል። ተቋራጩ የሚቀበለው የእጅ ዋጋ ብቻ ስለ ሆነ በዕቃው ላይ ጥርጣሬ አልተነሣም።

3ኛ/ ክፍያው ሥራውን ተከትሏል። ለመነሻ ጥቂት ገንዘብ፣ ግንቡና ቋሚዎቹ ሲጠናቀቁ ሁለተኛው፣ ጣሪያው ሲለብስ ሦስተኛው ክፍያ ተፈጽሟል። ከጠቅላላው ሒሳብ ከ10 አንድ እጅ የበልግ ዝናም እስኪፈትነው ድረስ በእኛ ዘንድ ቆይቷል።

4ኛ/ አሮጌ ክዳን የሚነሣው አዲሱ ቆርቆሮ በግቢው ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ይህን ቃል ያስገባሁት ዋጋውን ከፍዬበት ስለ ተማርሁት ነው።

5ኛ/ ተጨማሪ ሥራ ቢያስፈልግ ዋጋው አስቀድሞ ተጽፎ ሁለቱም ሳይፈርሙበት እንዳይጀመር ተስማምተናል።

6ኛ/ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበት፣ አንድ አንድ ቅጂ በየእጃችን ቀርቷል።

የቤቱን ቅርጽ የሚለውጥ ወይም አዲስ ክፍል የሚጨምር ሥራ ሲሆን ደግሞ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የግንባታ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ቢፈርስ ኪሳራው የባለቤቱ ነው።

ውሉን ባነበብሁለት ጊዜ ተቋራጩ ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሱ ግን ደስ አለው። ሥራ ጨርሶ ሒሳቡን የከለከሉት፣ ሳይስማሙበት አንድ በር አንድ መስኮት እያሉ ሥራ የጨመሩበት ባለቤቶች ብዙ እንደ ነበሩ ነገረኝ። አነስተኛ ተቋራጭ በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ የለውም፤ የአንድ ሳምንት ክፍያ ቢቀርበት የሠራተኞቹን ደመወዝ ከቤቱ አውጥቶ ይከፍላል፤ ወይም ሥራውን ጥሎ ሌላ ፍለጋ ይሄዳል። እንግዲህ ወረቀቱ የሚጠብቀው ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ የሚያድረውንም ሰው ነው።

ለሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ደንበኛ ቆርቆሮ ሊገዛ ሲመጣ የጌጁን ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንጻፍለት፤ ልዩነቱንም ሳይጠይቀን እንንገረው። ሲሚንቶ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገን እንደርድር፤ ቀድሞ የገባውንም አስቀድመን እንሽጥ፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳልና። ቡና፣ ቅባት እህል ወይም ጨርቃ ጨርቅ በመጋዘን የሚያከማቹ ነጋዴዎችም ጣሪያቸውንና አሸንዳቸውን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢያስመረምሩ፣ ሠራተኛውን በእርጋታ ያገኙታል፤ ዕቃቸውም ከእርጥበት ይድናል። በሰኔ ወር ሁሉም ሰው አንድ አናጢ ይፈልጋል።

የ2016 ዓ.ም. የበልግ ዝናም መጥቶ ሄደ፤ የእናቴም ቤት አንዲት ጠብታ አላስገባም። ቀሪውን ከ10 አንድ እጅ ለተቋራጩ ስከፍለው እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። ውሉ ዛሬ በሳጥኗ ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ተጠቅልሎ ይገኛል፤ የዋስትናው ዘመንም ገና አላለቀም።