ጠንካራ ብረት፣ ስል ፍላጻ

አሜሪካ ውስጥ በቀስት የሚያድን ሰው የፍላጻ ጫፍ ሲገዛ፣ ማሸጊያው ላይ ዓይኑ የሚያርፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ 52፣ 55፣ አንዳንዴም 58። በሮክዌል መለኪያ የተለካ የብረቱ ጥንካሬ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጫፉም ይበልጥ ስል የሚሆን የሚመስለው ገዢ ብዙ ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ስለቱ የሚነግረው ነገር የለም።

መለኪያው የተወለደው ኩሽኔታ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሂው ሮክዌልና ስታንሊ ሮክዌል ኮኔቲከት ውስጥ ሲሠሩ የኩሽኔታው ብረት በሚገባ መጠንከሩን ቶሎ የሚያሳይ መሣሪያ ቸግሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ለፈጠራ መብት አመለከቱ። ለጠንካራ ብረት ሾጣጣ አልማዝ በ150 ኪሎ ጫና ብረቱን ይወጋዋል፤ ጉድጓዱ ባነሰ ቁጥር ንባቡ ከፍ ይላል። በቃ፣ የሚለካው ይኸው ነው።

ስለቱ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? .30-06 ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ 3,800 ጁል ገደማ ነው፤ ከዘመናዊ ቀስት የሚወጣ ፍላጻ ግን 100 ጁል ቢሆን ነው። ፍላጻ የሚጥለው በምት ሳይሆን ደም በማፍሰስ ነው። ስል ጠርዝ የደም ሥርን ጥርት አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ደሙም ቶሎ አይረጋም። የዶለዶመው ገፍቶና ቀድዶ ያልፋል፤ የተቀደደ ሥጋ ደግሞ የደሙን መርጋት ያፋጥናል። እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል፣ ጫካ ውስጥም ሲሰቃይ ይሰነብታል። ዶልዱም ፍላጻ ይዞ አደን መውጣት ጭካኔ ነው።

ካሊፎርኒያዊው ሐኪም ሳክስተን ፖፕ ቀስትን የተማረው የያሂ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው ከሆነው ከኢሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የባልጩትና የብረት ጫፎችን አወዳድሮ፣ ባልጩቱ ከብረቱ ጠልቆ መግባቱን ጽፏል። ሆኖም ባልጩት አጥንት ሲያገኝ ይሰበራል። ብረት የተመረጠው እንደ ባልጩት በቀላሉ ስለማይሰበር ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥንካሬ ዋጋ የሚኖረው። ካርቦን ያለው ብረት 800 ዲግሪ ገደማ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር እጅግ ይጠነክራል፤ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል፤ ጥንካሬው ጥቂት ይቀንስና ሳይሰበር ምት የመቻል አቅሙ ይጨምራል። የላላ ብረት ጠርዙ ጎድን ሲነካ ይታጠፋል፤ ከልክ በላይ የጠነከረው ይሸራረፋል። የሚኒሶታው ዝዊኪ ዓይነት የቆዩ ጫፎች በተራ ሞረድ ይሳላሉ። ብረቱ ከ55 በላይ እየጠነከረ ሲሄድ ግን ሞረድ መንሸራተት ይጀምራል፤ የመሳያ ድንጋይ ወይም የአልማዝ መሳያ ይሻላል። ቀስት ሠሪው ፍሬድ ቤር እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ሬዘርሄድ የተባለ ጫፍ ችግሩን በብልሃት ፈታው፦ ዋናው ስለት በሞረድ የሚሳል ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ስስ ምላጭ ይሰካበታል።

አሳሳሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። የስለቱ ተዳፋት ገጽ በማርከር ይጠቁርና ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ተይዞ ድንጋዩ ላይ ይገፋል፤ ቀለሙ የቀረበት ቦታ ድንጋዩ ያልነካው ነው። ጥቂት ቆይቶ አውራ ጣት ከጀርባ ወደ ጠርዝ ሲጎተት የምትይዝ፣ ወደ ማዶ የታጠፈች ስስ ብረት ትገኛለች። እሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልተዳሰሰች ማዶውን መጀመር ከንቱ ነው። ከተዳሰሰች በኋላ ጫና እየተቀነሰ በሁለቱም ወገን ትነሳለች፤ የቀረችው ቆዳ ላይ በመጥረግ ትወገዳለች። ብዙዎች እዚህ ይቸኩላሉ፤ ስሷ ብረት ራሷ ስል ትመስላለችና፣ ፀጉር ስትነካ ግን ትተኛለች። በግራይንደር መቸኮል ደግሞ የባሰ ነው፦ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፣ የተከፈለበት ጥንካሬም እዚያ ቦታ ላይ ጠፍቷል።

ለመፈተሽ ላልቶ የተያዘ የጎማ ላስቲክ ይበቃል፤ ስለቱ በቀስታ ሲያርፍበት መበጠስ አለበት። የመሳያ ድንጋይም ሆነ አልማዝ መሳያ የሌለው አዳኝ 58 ከመግዛት በሞረድ የሚሳለውን ቢይዝ ይሻለዋል። ካርቦን ብረት በእርጥበት ቶሎ ስለሚዝግ፣ የተሳለው ጠርዝ ወደ ኮሮጆው ከመግባቱ በፊት ቫዝሊን ይቀባል።