የነገሌ ፖሊስና የቦረና ጀላባ

«ሸሪፍ» የተባለውን ሰው ከተማሪዎቻችን መካከል የማያውቀው የለም። በአሜሪካ ፊልም ላይ ኮከብ በደረቱ ለጥፎ፣ ሽጉጥ በወገቡ ታጥቆ በፈረስ የሚመጣው እርሱ ነው። ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ነገር ቢኖር ይህን ሰው የአውራጃው ሕዝብ በድምፁ የሚመርጠው መሆኑን ነው። ሹመቱ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ሲሆን በዚያ የንጉሥ ሹም ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ የሕዝብ ሹም ሆነ።

እኛም ይህን ስናስብ፣ ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ በተዘረጋው ቆላ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ማን ነው? ለማንስ ይታዘዝ ነበር? ብለን ጠየቅን።

ቦረና በ1889 ዓ.ም. ገደማ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዘመቻ ከማዕከላዊው መንግሥት ግዛት ከገባ በኋላ፣ ፊታውራሪ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ግዛታቸው ሆኖ ቆየ። በዚያ ዘመን ፖሊስ የሚባል የተለየ ሙያ አልነበረም። ግብር የሚያስገባውም፣ የሚፈርደውም፣ የሚያስረውም በየከተማው የሰፈረው ወታደርና ከአገሬው የተሾመው ባላባት ነበር። አዲስ አበባ እንኳ የነበራት የአራዳ ዘበኛ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተደለደለች። ነገሌም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። ፖሊሱ ግን ሁለት ጌታ ነበረው፤ በወረቀት የአገረ ገዢው ሥልጣን አለበት፣ ትእዛዙ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባው ኮሚሽነር ነው። ሁለቱ አለቆች ሲሟገቱ ከብቱ የተዘረፈበት ሰው ምን ያህል ይጠብቅ እንደ ነበር አንባቢ ይገምተው።

ቁጥሩም ትንሽ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የአገሪቱ ፖሊስ በጠቅላላው 28,000 ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 6,000ው ፈጥኖ ደራሽ ሲሆን፣ ጠረፍ ጠባቂው 1,200 ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከሱዳን እስከ ሶማሊያ ላለው ጠረፍ ሁሉ ነው! ጣቢያዎቹ በከተማና በዋና መንገድ ላይ ስለ ነበሩ፣ ፖሊስ በማይደርስበት ገጠር ደመወዝ የማይከፈለው ነጭ ለባሽ ይጠራ ነበር።

የነገሌ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በጥር 1966 ዓ.ም. የሸፈቱትን ወታደሮች ነው። የውሃ ማውጫቸው ተበላሽቶባቸው መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ስለ ከለከሏቸው አምፀው ጄኔራሉን ያዙ። ታሪኩ የጦሩ እንጂ የፖሊሱ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ አገር ጸጥታ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በውሃ ጉድጓድ አፍ መሆኑን ያሳያል።

ቦረናዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ኤላ በሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ላይ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን አባ ሄሬጋ አለ። ከእርሱ በላይ በገዳ ሥርዓት የሚመረጡ ሀዩ የሚባሉ ዳኞች ሲኖሩ፣ የሀዩን ቃል ወደ ጎሳው የሚያደርሰውና ጉባኤ የሚጠራው ጀላባ ነው። ሸሪፉን የሚመስለን እርሱ ነው፤ ኮከብም ሽጉጥም ባይኖረው። በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ሲሰበሰብ ሕግ ይታወጃል፤ ሥራውን ያበላሸ ሹምም ይነቀላል። ከእናንተ መካከል ነገ ወደዚያ ወረዳ የሚመደብ ወጣት ሹም ቢኖር፣ የጣቢያውን አዛዥ ከመተዋወቁ በፊት የአባ ሄሬጋውን ስም ቢጠይቅ ይጠቅመዋል እንላለን።

ሆኖም ነገሩን አናሳምረው። የጉሚው ሕግ የሚጸናው በቦረና ላይ ነው፤ ከብቱ ወደ ሌላ ጎሳ ግጦሽ ሲነዳ የጀላባው ቃል አብሮ አይነዳም። ፖሊስ የሚያስፈልገው በዚያች ሰዓት ነው፤ ፖሊሱም ሩቅ የሆነው በዚያችው ሰዓት ነው።

ደርግ የገበሬ ማኅበርና ታጣቂ አመጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ፖሊስ የማቋቋምን ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። ሹመቱ ወደ ሕዝቡ ተጠጋ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ተወለደ፤ ክልሉ የት ያበቃል? ነገሌ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ዋና ከተማ ስትባል በጉጂ በኩል ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል። በሞያሌም የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች በየበኩላቸው አስተዳደር አቋቁመዋል። እዚያ ፍየል የጠፋበት ሰው አቤት ለማለት አስቀድሞ ሌባው ወደየትኛው ቀበሌ እንደ ገባ ማወቅ አለበት።