የማሳው ካርታ በባለማሳው ፊት

መሬት በሀገራችን ምን ጊዜም ሁለት መዝገብ ነበረው። አንደኛው በአራሹ ልቦናና በጎረቤቱ ምስክርነት የሚጠበቅ፣ ሁለተኛው ከአራሹ ርቆ በሹም እጅ የሚቀመጥ ነው። ሁለቱ በተጋጩ ቁጥር የትኛው ያሸንፍ እንደ ነበር ከጢሰኛ አባትና እናት ለተወለደ አንባቢ ማስረዳት አያሻንም። ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ መዝገብ መጥቷል። ይኸውም ማሳን ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ለይቶ፣ ቁጥር ሰጥቶና ወሰኑን አስምሮ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚያኖረው ዲጂታል መዝገብ ነው። ይህ አዲስ መሣሪያ ወደ ማን ያደላል? ወደ አራሹ ወይስ ወደ ሹሙ? የቴክኒክ ጉዳይ ነው ተብሎ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄውን በረቂቁ ከማንሣት ይልቅ በአንድ ቦታ ላይ አስቀምጠን ብንመረምረው ይሻላል። ቦታውም ሮቢት ነው። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች፣ በስተምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት በሚያዋስኑት የራያ ቆቦ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የዚህ ሜዳ ገበሬ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በእንጨት እየገደበ ወደ ማሳው የሚመልስበት፣ «ጠለፋ» የሚባል የቆየ ጥበብ አለው። ጎርፉ ለም ደለል ይዞ ሲመጣ ማሽላውና ጤፉ ይጠግባል፤ ሲቆጣ ግን ማሳን ከነድንበሩ ጠርጎ ይወስዳል። እንደ ጎሊና ባለ ወንዝ ዳር ለድንበር የተተከለ ድንጋይ ለከርሞው በቦታው ስለ መገኘቱ ማንም ዋስ አይሆንም። በሌላ በኩል የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃ እያወጣ ለመስኖ ማዋል ከጀመረ ወዲህ፣ ትናንት ዝናብ ጠባቂ የነበረው ጥማድ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅል ሀብት ሆኗል። መሬት ውኃ ባገኘ ጊዜ ዋጋው ይለወጣል፤ ዋጋው በተለወጠ ጊዜ ፈላጊው ይበዛል። እንግዲህ ድንበሩ በሚንቀሳቀስበትና ዋጋው በሚንርበት በዚህ ሜዳ የማሳ ካርታ የማን ነው ብሎ መጠየቅ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የርስት መብት በዘር ሐረግ ቆጠራ ይረጋገጥ ነበር። ካርታ አልነበረም። ሽማግሌ የሚያስታውሰው፣ ዳኛ የሚቀበለው ወይም የሚጥለው ቃል ነበር እንጂ። በደቡብ ደግሞ መለኪያው የቀላድ ገመድ ነበር፤ ገመዱ በተዘረጋበት ሁሉ የመሬቱ ከፊል ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለባላባት ሲደለደል አራሹ በገዛ አገሩ ጢሰኛ ሆኖ ቀረ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ ባመፀ ጊዜም ቁጣው መሬቱን ሊገምቱ በመጡት ላይ ጭምር ነበር። ለኢትዮጵያ ገበሬ «ልንለካ መጣን» የሚለው ቃል ለዘመናት «ልንወስድ መጣን» ከሚለው እምብዛም አልተለየም። የዛሬው መሐንዲስ ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ ማሳ ሲወጣ ገበሬው በጥርጣሬ ቢመለከተው፣ ጥርጣሬው ካለማወቅ የመነጨ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የጢሰኝነትን ግንኙነት አፈረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውን ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። ይህ ታላቅ ለውጥ የመሬቱን ባለመብት ለወጠ እንጂ ካርታ አልሠራም። ማን የት እንዳረሰ የሚያውቀው የማኅበሩ ደብተርና ደብተሩን የያዘው ሰው ነበር። በየጊዜው በተካሄደው ድልድል ደብተሩ ተሰረዘ፣ ተደለዘ። ባላባቱ ከሄደ በኋላም ጽሑፉን የጨበጠ ሰው ባልጨበጠው ላይ የበላይነት ሊኖረው እንደሚችል ያ ዘመን አሳይቶናል። ይህን የምንለው የአዋጁን ትርጉም ለማሳነስ ሳይሆን፣ መሬትን ማከፋፈልና መዝገብን ማከፋፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለማመልከት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ስለ ደነገገ፣ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የግል ባለቤትነት ሳይሆን «ይዞታ» ነው። የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 46ን ካወጣ በኋላ በደሴ ዙሪያ ወረዳ በገራዶ፣ በጎዛምን ወረዳ ደግሞ በአዲስና ጉሊት በስዊድን ድጋፍ ሙከራ ተደረገ፤ ከዚያም የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ደብተር በክልሉ ተዳረሰ። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ መደረጉ በቀላሉ የሚታይ ለውጥ አልነበረም። ባሏ ሲሞት ወይም ሲፈታት እጅዋን አጣጥፋ ትወጣ የነበረች ሴት ፊቷ በሰነድ ላይ ታየ። ይሁንና ደብተሩ ካርታ አልነበረውም። ማሳው የሚታወቀው በአራት ጎረቤቶች ስም ነበር፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት እየተባለ። ጎረቤቱ ሲሞት፣ መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል፣ ወይም ጎርፍ በመካከላቸው አዲስ መንገድ ሲያበጅ፣ የተጻፈው ድንበር ከመሬቱ ጋር መገናኘቱን ያቆማል።

የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ የመጣው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደው ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች 14 ሚሊዮን ማሳዎችን የመመዝገብ ግብ ይዞ የተነሣ ነበር። ፊንላንድም ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት እንዲዘረጋ ረድታለች። አሠራሩን አንባቢ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሣው ምስል በትልቅ ወረቀት ይታተማል። የመስክ ሠራተኛው፣ ሕዝብ የመረጠው የቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ፣ ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ በማሳው ላይ ቆመው ድንበሩን በምስሉ ላይ ያሰምራሉ። መስመሩ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ ማሳው የራሱን ቁጥር ያገኛል፤ በመጨረሻም ካርታ ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ይታተማል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ከፍተኛ ግምት የምንሰጠው አንድ ደረጃ አለ፤ የሰነዱ ለሕዝብ መታየት። ማረጋገጫው ከመታተሙ በፊት የተሠራው ካርታና የባለይዞታዎች ስም ዝርዝር በቀበሌው ይሰቀላል፤ ሕዝቡ መጥቶ ያያል፤ ስሙ የተሳሳተ፣ ማሳው የተቆረጠ፣ ሚስቱ ያልተጻፈች ሁሉ አቤት ይላል። አንዳንድ ወገኖች ያልተማረ ገበሬ ካርታ ማንበብ አይችልም ይላሉ። ይህ ከቢሮ ወንበር የተነገረ አስተያየት ነው። ዋርካውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ የወንዙን መታጠፊያ ካሳዩት፣ ሰው የኖረበትን መሬት ከሰማይ ሆኖም ያውቀዋል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ብልሹ አሠራር ባለበት ይህ መታየት ለይስሙላ ይሆናል፤ ወረቀቱ ገበሬው በአጨዳ ላይ ሳለ ይሰቀልና ሴቶች ሳያዩት ይነሣል። በእኛ እምነት የምዝገባው ጥራት የሚለካው በታተመው ማረጋገጫ ብዛት ሳይሆን፣ በዚያ ግድግዳ ፊት ስንት ሰው ቆሞ «ይህ ስሕተት ነው» ለማለት ዕድል እንዳገኘ ነው።

ሮቢትና አካባቢዋ ወረቀት ብቻውን ምን ያህል ደካማ ጠባቂ እንደሆነ በቅርብ ዓመታት አይተዋል። በሰሜኑ ጦርነት የቆቦ አካባቢ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የውጊያ ቀጣና ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በሰሜን ወሎ የሕዝብ መገልገያ የሆኑ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። እሳትና ዘራፊ በመጣበት ቀን በአንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ምን ዋስትና አለው? ከተፈናቀለበት የተመለሰ ገበሬ በማሳው ላይ ሌላ ሰው ቢያገኝ፣ ምስክር የሚሆኑት ሽማግሌዎችም ተበትነው ቢሆን፣ በሌላ ከተማ የተቀመጠ ቅጂ መኖሩ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ይሆናል። ዲጂታል መዝገብ የሚያስፈልግበት ጠንካራው ምክንያት ይህ ነው እንጂ፣ በየስብሰባው «ዲጂታል» የሚለውን ቃል እንደ ማሟሻ የሚደጋግሙት ሰዎች የሚነግሩን ዘመናዊነት አይደለም።

ነገር ግን ኮምፒዩተርም ይዘረፋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። በኔትወርክ ብቻ የሚገኝ መዝገብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለገበሬው እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ሕዝባዊ ተደራሽነት ሲባል መዝገቡ በወረዳው ኮምፒዩተር፣ በክልሉ ቋትና በቀበሌው ግድግዳ ላይ በታተመ ካርታ፣ በሦስቱም ሥፍራ መገኘት ማለት መሆን አለበት። ሦስተኛው ርካሹ ነው፤ የሚረሳውም እርሱ ነው።

የሌላ ሀገር ተሞክሮም ያስጠነቅቀናል። በሕንድ የካርናታካ ግዛት «ቡሚ» በተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ 20 ሚሊዮን ያህል የገጠር መሬት መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር ገቡ። ቀድሞ በመንደር መዝገብ ያዦች እጅ የነበረውንና ያለ ጉቦ እምብዛም የማይገኘውን ቅጂ ገበሬው 15 ሩፒ ከፍሎ ከመስኮት መውሰድ ቻለ። ይህ በእርግጥ ድል ነበር። ሆኖም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ ጻፉት፣ መዝገቡ ከመንደር ወጥቶ በማዕከል መሰብሰቡ በባንጋሎር ዙሪያ ሰፊ መሬት ለሚፈልጉ ባለሀብቶች ከትንሹ ገበሬ ይልቅ ተመቸ፤ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ፣ የትኛውም ደካማ መሆኑን በጠረጴዛ ላይ ሆነው ማየት ቻሉና። መዝገብ መክፈት ብቻውን እኩልነትን አይፈጥርም፤ ኃይለኛው ደካማውን ለይቶ የሚያይበት መስኮትም ሊሆን ይችላል።

በራያ ሜዳ ይህ አደጋ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሬ የሌላት ባልቴት መሬቷን በእኩል ለሌላ ትሰጣለች፤ የመስኖ ማሳ ፈላጊም ከከተማ ይመጣል። ስለዚህ ለሁሉም መታየት ያለበትና የሌለበት መለየት ይገባዋል። የማሳው ወሰን፣ ስፋቱ፣ ቁጥሩና የወል መሬቱ የት እንደሚያልፍ ሕዝብ ሊያየው ይገባል፤ በተለይ የወል የግጦሽ መሬት በካርታ ላይ ካልታየ ቀስ በቀስ የሚገፋውን ሰው ማንም አያስቆመውም። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ፣ የማን ፎቶግራፍና ስልክ የትኛው እንደሆነ ግን ለአላፊ አግዳሚ የሚገለጥ አይደለም። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 እና የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጎን ለጎን መነበብ ያለባቸው በዚህ ነው።

የከተማ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ይህን የገበሬ ጉዳይ ብቻ አድርገው እንዳያልፉት እናሳስባለን። በሀገራችን የገጠሩና የከተማው ይዞታ በሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ይመዘገባል፤ የከተማው በሕጋዊ ካዳስተር ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ደግሞ እንደ ሮቢት ባሉ፣ ወደ እርሻው በሚሰፉ ትንንሽ ከተሞች ጠርዝ ላይ ነው። በዚያ ጠርዝ ላይ ያለ ማሳ ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ ሊንጠለጠል ይችላል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት በሚለቀቅበት ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚከፈለው ካሣ የሚመሠረተው በተረጋገጠ ይዞታ ላይ በመሆኑ፣ በመዝገቡ ያልታየ ሰው በካሣው ዝርዝርም ላይታይ ነው። ያ ገበሬ ነገ በከተማው የቀን ሠራተኛ ሆኖ ከእናንተው ጋር ይሰለፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ከምዝገባው በኋላ ያለው ነው። አንድ ጊዜ በብዙ ወጪ የተነሣ ካርታ በውርስ፣ በፍቺ፣ በስጦታና በኪራይ የሚመጣውን ለውጥ ካልተከታተለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለፈውን ዘመን የሚያሳይ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ለውጡን የማያስመዘግበው ስለማይፈልግ ሳይሆን፣ ከሮቢት ተነሥቶ ቆቦ ድረስ ተመላልሶ «ባለሙያው የለም»፣ «መብራት የለም» የሚል መልስ ሲያገኝ የሥራ ቀኑ ስለሚባክን ነው። ለውጡን የሚቀበል ሠራተኛ በታወቀ ቀን፣ በገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ወደ ቀበሌው ቢወርድ ከግማሽ የሚበልጠው ምልልስ ይቀራል። በጎሊና ዳር ያሉ ማሳዎች ወሰን ደግሞ በየዓመቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ የቀበሌው ኮሚቴና ጎረቤቶች ባሉበት፣ ከታተመው ካርታ ጋር ተመሳክሮ መታየት አለበት። በዚህ ማመሳከር ላይ ባልቴቶችና መሬታቸውን በእኩል የሰጡ አረጋውያን በአካል እንዲገኙ፣ መምጣት ያልቻሉትም ወኪል እንዲልኩ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።