«ማር»፣ «ሃኒ» እና ጫጉላ፦ ተረትና እውነታ

በአማርኛ «ማር» ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ንብ የምትሠራውን ጣፋጭና «ይቅር በል» የሚለውን ትእዛዝ። ምሕረት እንደ ማር ስለሚጥም ስሙም ከማር ወጣ ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ግእዙ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል፦ የንቡ ማር «መዓር» ነው፣ በዐይኑ ዐ፤ ይቅርታው «መሐረ»፣ በሐመሩ ሐ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ሁለቱም «ማ» ላይ ወደቁ። ሦስተኛም አለ፤ «አስተማረ» የሚለው «መሀረ» ነው፣ በሃሌታው ሀ። ስለዚህ «ተማረ» ሲባል ትምህርት ቀሰመም፣ ምሕረት አገኘም ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን ዛሬ የሚጠብቀው ጽሕፈት ብቻ ነው፤ እሱም ፊደሉን በሥርዓቱ የሚጽፍ ከተገኘ። የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስም በሐመሩ ሐ ይጻፋል፣ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ስም ደግሞ በሃሌታው ሀ።

«ማርያም» የሚለውም «ማር» እና «ያም» ተብሎ ሲተነተን ይሰማል። ይህ የእምነት ትርጓሜ ነው፤ እንደ ትርጓሜ የራሱ ውበት አለው፣ የቃሉ ምንጭ ግን አይደለም። ስሙ ከዕብራይስጥ «ሚርያም» የመጣ ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙ እስካሁን ሊቃውንትን ያከራክራል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም የተሰየመችው በዚሁ ስም ነው።

በመገናኛ ታክሲ ተራ «ሃኒ!» ተብሎ ሲጠራ «ማር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚመስለው ሰው ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠራው ሐና ናት። ሐና በዕብራይስጥ ጸጋ ማለት ነው፤ ከማር ጋር ዝምድና የለውም።

እንግሊዝኛው «ሃኒ» ራሱ የፍቅር ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ፊልም ያስለመደው ስሕተት ነው። ቃሉ ሰውን ለማቆላመጥ ማገልገል የጀመረው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ባልና ሚስት ይባባሉበታል፣ እናት ልጇን ትጠራበታለች፤ በደቡባዊ አሜሪካ ደግሞ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ዐይታው የማታውቀውን ደንበኛ «ሃኒ» ትለዋለች። በዚያው ቋንቋ ወንድ አለቃ ሴት ሠራተኛውን እንዲህ ቢጠራት ንቀት ሆኖ ሊቆጠርበት ይችላል። «ማሬ» እና «ማርዬ» ከዚህ ብዙም አይርቁም፤ ለሕፃንም ለወዳጅም ይባላሉ፣ «እሺ የኔ ማር» ደግሞ ድምፁ ትንሽ ከተጎተተ ሽሙጥ ነው። ጉልህ ልዩነቱ ሰዋስው ላይ ነው፦ እንግሊዝኛው ባዶውን ቃል ይጠራል፣ አማርኛው «የኔ»፣ «ኤ» ወይም «ዬ» ካልጨመረ አያቆላምጥም።

ጠጅ ለሚወድ አገር እጅግ የሚጥመው ተረት የ«ሃኒሙን» ነው። የጥንት አውሮፓ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ አንድ ወር ሙሉ የማር መጠጥ (ጌሾ የሌለው የጠጅ ዘመድ) ይጠጡ ስለነበር «የማር ወር» ተባለ ይላል። ይህን የሚደግፍ ጥንታዊ ጽሑፍ የለም። ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ የተገኘው በ1546 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1552 የታተመ መዝገበ ቃላት ሲያብራራው ደግሞ መጠጥ አያነሣም፦ አዲስ ተጋቢዎች መጀመሪያ ከልክ በላይ ይዋደዳሉ፣ ኋላ ፍቅሩ ይበርዳል፤ እንደ ጨረቃ ሞልቶ ይጎድላል ማለቱ ነው። «ሙን» ወርን ሳይሆን ጨረቃን ይዞ፣ በሙሽሮች ላይ የተሰነዘረ ቀልድ ነበር።

አማርኛው ማሩንም ጨረቃውንም አላስገባም። «ጫጉላ» ሙሽሮች የሚሰነብቱበት ቤት ነው፤ «ሽርሽር» የተቀጠለበት የከተማ ሙሽራ ከቤት ወጥቶ መጓዝ ሲጀምር ነው።