ሕፃናትን በጠፍጣፋ ቅርፆች መገንባትና ጥለት መሥራት ማስተማር

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከታወቀ በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወስኖ ነበር። በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሚኤሶ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ከተሞች ማንበብ የለመዱ ልጆች መጽሐፋቸውን ገልጠው ያለፈውን ሊከልሱ ይችላሉ። የመዋዕለ ሕፃናትና የ«ኦ» ክፍል ልጆች ግን የሚማሩት በመንካት፣ በመደርደር፣ በማፍረስና እንደገና በመሥራት ስለሆነ፣ የመማሪያ ክፍሉ ሲዘጋ ትምህርታቸውም አብሮ ይቋረጣል። ከዚህ ሌላ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው ያጣ ሕፃን ደጅ መውጣቱ አይቀርም። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሚኤሶን፣ ጭሮንና ሂርናን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በእነዚህ ከተሞች ደጅ ማለት ብዙ ጊዜ መንገደኛና ነጋዴ የሚበዛበት የመንገድ ዳር ነው። «ውጪ አትውጣ» የሚለው ቃል ብቻውን የአምስት ዓመት ልጅን ቤት አያስቀምጥም፤ በእጁ የሚይዘው ሥራ ያስፈልገዋል።

ከካርቶን የተቆረጡ ጠፍጣፋ ቅርፆች እንዲህ ላለው ሥራ ይበቃሉ። ዘዴው አዲስ አይደለም። የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት መሥራች የሆነው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 የመጀመሪያውን ተቋም ሲከፍት ትምህርቱን በመጫወቻ ዕቃዎች ላይ የመሠረተ ሲሆን፣ ካዘጋጃቸው ዕቃዎች መካከል ካሬና ሦስት ማዕዘን ቅርፅ ያላቸው ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ይገኙበታል። ለአገራችን ልጆች ግን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። ስንደዶና አክርማ ይዛ ሰፌድ የምትሰፋ እናት፣ ቀለም የተነከረውን አለላ በየስንት ስፌቱ እንደምታስገባ በልቧ እየቆጠረች ነው የምትሠራው። በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ሰፌዶች ውበታቸው የሚገኘው ከዚህ ቆጠራ ነው። የነጠላ ጥለትም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ሕፃኑ በካርቶን ቁራጭ የሚጀምረው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለአንድ ልጅ የሚሆኑትን ቅርፆች ለማዘጋጀት የፓስታ፣ የሳሙና ወይም የብስኩት ካርቶን፣ መቀስና እርሳስ ይበቃሉ። በመጀመሪያ ጎናቸው 8 ሳንቲ ሜትር (አራት ጣት ያህል) የሆኑ 10 እኩል ካሬዎች ይቆረጣሉ። 4ቱ እንዳሉ ይቀመጣሉ። ሌሎች 4ቱ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ተሰምሮባቸው ሲቆረጡ 8 ሦስት ማዕዘኖች ይሆናሉ። የቀሩት 2 ካሬዎች መካከላቸው ላይ ሲቆረጡ 4 ረዘም ያሉ አራት ማዕዘኖች ይወጣቸዋል። በጠቅላላው 16 ቁራጮች ማለት ነው። ቁርጡ ትክክል መሆን አለበት፤ ጎኖቹ ካልገጠሙ ልጁ የተሳሳተው እርሱ ይመስለዋል። ቀለም መግዛት አያስፈልግም፤ የካርቶኑ አንድ ገጽ የታተመበት፣ ሌላው ገጽ ባዶ ስለሆነ ሁለት መልክ ከመነሻው አለ።

በዚህ አካባቢ በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። በጫትና በሌላም ማሳ ላይ የሚረጭ የፀረ ተባይ መድኃኒት የመጣበት ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ምንም ያህል ንጹሕ ቢመስል፣ ቢታጠብም እንኳ፣ ለልጅ መጫወቻነት ፈጽሞ መዋል የለበትም። መቀሱን የሚይዘው አዋቂ ነው። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በቤቱ ካለ ትንንሽ ቁራጭና ቅዳጅ ወረቀት ወለል ላይ አይተው፤ ወደ አፉ ወስዶ ሊታነቅ ይችላል።

የሦስት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቅርፆቹን ለየብቻ ያስቀምጣል፤ «ይህ ቤት ነው፣ ይህ ዳቦ ነው» እያለ ስም ያወጣላቸዋል እንጂ አያገጣጥማቸውም። ወደ አራት ዓመት ሲጠጋ ሥዕል መሥራት ይጀምራል፤ አንዱ ቁራጭ ራስ፣ አንዱ ሆድ፣ አንዱ እግር ይሆናል። ቀጥሎ፣ ብዙ ጊዜ በአምስት ዓመቱ አካባቢ፣ ሁለት ቅርፆችን አጋጥሞ አንድ አካል ይሠራል፤ የሚገጥመውን ግን የሚያገኘው እየሞከረ፣ እያዞረ ነው። ከዚያ በኋላ ሳይሞክር በዓይኑ ብቻ የጎኑን ርዝመትና የማዕዘኑን ስፋት ገምቶ የሚፈልገውን ቁራጭ ያነሳል። ዕድሜው ግምት ነው፤ የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ስለ ደረሰ የራስን ልጅ ማጣደፍ አይገባም።

በዚህ ጉዞ ትልቁ እርምጃ አንዱ ቅርፅ በሌላው ሊተካ እንደሚችል መረዳት ነው። አንድ እናት ካሬዎቹን ደብቃ፣ «ለቤታችን ግድግዳ ካሬ አጣን፤ ምን ይሻላል?» ብላ ልጇን ብትጠይቅ፣ ልጁ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችን ረጅሙ ጎናቸው እስኪገናኝ ድረስ ሲያዞር ሊቆይ ይችላል። እነዚያው ሁለት ሦስት ማዕዘኖች በአጭሩ ጎናቸው ሲገናኙ ደግሞ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ወይም ያዘነበለ አራት ማዕዘን ይሆናሉ። አራቱ ጫፋቸው መካከል ላይ ሲገናኝ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ካሬ ይወጣል። ልጁ ሙሉና ክፋይ፣ እኩልና እጥፍ የሚባሉትን ነገሮች በቃል ከመስማቱ በፊት በእጁ ያገኛቸዋል፤ ኋላ ላይ ክፍልፋይና ስፋት ሲማር ባዕድ አይሆኑበትም።

ብዙ አዋቂዎች የሚቸገሩት ዝም ማለት ላይ ነው። ልጁ ቁራጩን በተሳሳተ ጎን ሲያዞር ሲያዩ እጃቸውን ሰድደው ያስተካክሉለታል፤ በዚያች ቅጽበት ያሰበው አዋቂው እንጂ ልጁ አይደለም። የሚሻለው ጥቂት መታገሥ፣ ካልሆነም «ብታዞረውስ?»፣ «የትኛው ጎን ይረዝማል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ «ሁለቱን ሦስት ማዕዘን አገናኝተህ ጣራ ሠራህ» ማለት ለልጁ ቃልም ዕውቀትም ይሰጠዋል። ውይይቱ ቤተሰቡ በሚናገርበት ቋንቋ ይሁን፤ በኦሮምኛ የሚያስብን ሕፃን በአማርኛ፣ ወይም በአማርኛ የሚያስበውን በእንግሊዝኛ መጠየቅ ትምህርቱን ከቅርፅ ወደ ቃል ሽምደዳ ያዞረዋል።

ጥለት ከግንባታ ጋር እየተፈራረቀ ይሰጣል። አዋቂው ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን ብሎ ይደረድርና ልጁ አስመስሎ እንዲሠራ፣ ቀጥሎም እንዲያስረዝመው ይጠይቀዋል። ይህ ሲለመድ አንዱን ቁራጭ በሳህን ሸፍኖ «ከሥር ያለው ምንድን ነው?» ማለት ይቻላል። ከዚያ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን ወደሚለው ይታለፋል። ልጁ ጥለቱን መረዳቱ የሚታወቀው በማስቀጠሉ ብቻ አይደለም፤ «የሚደጋገመው የትኛው ነው?» ሲባል ከመካከሉ ለይቶ ሲያሳይ፣ ወይም ያንኑ በጭብጨባና በጉልበት መምታት ሲደግመው ነው። በቆርቆሮ በር ላይ የተበየደው ብረት፣ ሰሌኑ፣ የእናት ነጠላ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ያገለግላሉ። በቤቱ ሰፌድ የምትሰፋ አያት ካለች ከእርሷ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም፤ አረጋውያን በበሽታው ይበልጥ የሚጎዱ ስለሆነ ግን ልጁ እጁን ሳይታጠብ አጠገቧ አይቀመጥ። 

በቀን 20 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ልጁ ከሰለቸው ከዚያም በፊት ማቆም ይገባል። ወላጆች ገበያ በሚውሉበት ቤት ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ሊያሠራው ይችላል። ከገበያ የተመለሰ አዋቂ ከልጁ ጋር ከመቀመጡ በፊት እጁን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠባል፤ ልጁም ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ እንዲሁ ያደርጋል። በቤተ ሙከራ እንደታየው ቫይረሱ በካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት፣ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።  ካርቶን ስለማይታጠብ የአንዱ ቤት ቅርፆች ለሌላው ቤት ልጆች አይዋሱም፤ የጎረቤት ልጅ ከፈለገ ካርቶኑን ሰጥቶ በቤቱ እንዲቆረጥለት ማድረግ ይሻላል። በወረርሽኙ ጊዜ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ሲታይ ወደ 8335 ነፃ የስልክ መስመር ይደወል ነበር፤ ከቤተሰቡ አንዱ ከታመመ ሕፃኑ ሲጠቀምባቸው የነበሩት ቁራጮች ተወግደው አዲስ ይቆረጡለት።