መሪ ላይ የሚመጣን እንቅልፍ ቀድሞ ማየት

መሪ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሹፌር ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ አያንኮራፋም። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ሰከንድ ብቻ የምትቆይ ሸለብታ ናት፤ ዐይኑ ይከደናል፣ ወይም ተከፍቶ እያለ ማየቱን ያቆማል፣ ከዚያ ይባንናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ አራት ሰከንድ ካሸለበ መኪናው ከእግር ኳስ ሜዳ የሚረዝም መንገድ ያለ ነጂ ሄዷል ማለት ነው። በዚያ ርቀት ፍሬን የሚይዝም ሆነ መሪ የሚያዞር የለም። የእንቅልፍ አደጋ የሚከፋው በዚህ ነው፤ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይጋጫል፣ አስፋልቱ ላይም ብዙ ጊዜ የፍሬን ምልክት አይገኝም።

ሹፌሩ ድካሙ ይሰማዋል። ያሸለበባትን ሰከንድ ግን አያስታውሳትም፤ ስለዚህ «ደህና ነኝ» ብሎ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ጭነት ሲያስጭን የዋለ ሹፌር ማታ 4 ሰዓት ላይ እዚህ ደረጃ ደርሷል፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳይቀምስ። የሰውነት የተፈጥሮ ሰዓትም የራሱን ጫና ይጨምራል። ንቃት በጣም የሚወርደው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ሲሆን፣ ከቀትር በኋላም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና ዝቅ ይላል። ቴክኖሎጂው የሚያስፈልገው ሹፌሩ ስለራሱ ሊያውቅ የማይችለውን በጊዜው ሊነግረው ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ የተሠራው መኪናው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነበር። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኘው ጋርደን ስቴት ፓርክዌይ ላይ በ1952 የመንገዱ ዳር ጎርበጥባጣ ተደርጎ ተሠራ፤ ጎማ ሲረግጠው ይጮኻል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የፔንሲልቬኒያ የክፍያ መንገድ የአስፋልቱን ጠርዝ በጠባብ ቦዮች መፈልፈል ሲጀምር፣ ከመንገድ ስቶ በመውጣት የሚደርሰው አደጋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ጎማው ቦዮቹ ላይ ሲወጣ ድምፁና ንዝረቱ በመሪውና በወንበሩ በኩል ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል። ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ለአሮጌ መኪናም ለአዲስም እኩል ያገለግላል። ጉድለቱ የሚቀሰቅሰው መኪናው መስመሩን ከለቀቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚያ በፊት ለማስጠንቀቅ የሹፌሩን እጅ መከታተል ያስፈልጋል። ንቁ ሹፌር መሪውን ፈጽሞ ዝም አያሰኘውም፤ በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እያለ ሳያውቀው ያስተካክላል። እንቅልፍ ሲጫነው ይህ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ይጠፋል። መሪው ለአፍታ ጸጥ ይላል፣ መኪናው ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ሹፌሩ ደንግጦ በኃይል ይመልሰዋል። ጸጥታ፣ ቀጥሎ ድንገተኛ ምልሰት፤ መርሴዲስ ቤንዝ በ2009 ያወጣው ሥርዓት የሚፈልገው ይህንን ነው። ጉዞው እንደተጀመረ የሹፌሩን የአነዳድ ጠባይ ይመዘግባል፤ በኋላ የሚያየውን ከዚያ ጋር ያወዳድራል። የቀኑን ሰዓት፣ የጉዞውን ርዝመት፣ የጎን ነፋስንና የመንገዱን ሁኔታ ጭምር ያገናዝባል። ድካም መኖሩን ሲያረጋግጥ ድምፅ ያሰማና ዳሽቦርዱ ላይ የቡና ስኒ ሥዕል ያበራል። ቮልቮ በ2007 የመረጠው መንገድ ሌላ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚያይ ካሜራ መኪናው በቀለም መስመሮቹ መካከል እንዴት እንደሚዋልል ይለካል።

ሁለቱም ዘዴዎች ጥሩ መንገድ ይፈልጋሉ። ቀለሙ በለቀቀ አስፋልት ላይ ካሜራው የሚይዘው መስመር ያጣል። ጉድጓድ እየሸሸ በሚነዳ ሹፌር እጅ ላይም የድካም ምልሰቱን ከጉድጓዱ ሽሽት መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ትኩረቱ ወደ ዐይን ዞረ።

አንድ የዐይን ርግብግቢት በተለመደው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ሲደክም የዐይን ቆብ ዝግ ብሎ ይወርዳል፣ ተከድኖ ይቆያል፣ ሲነሳም ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች ይህን በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አወጡ፦ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የዐይን ቆብ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ብሌኑን ሸፍኖ የቆየው ምን ያህሉን ነው? በ60 ሰከንድ ውስጥ 9 ሰከንድ ከተሸፈነ 15 በመቶ ይሆናል። ከመሪው ጀርባ የምትቀመጥ ትንሽ ካሜራ ይህንኑ ትቆጥራለች። ሌሊትም እንድታይ የሰው ዐይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ፊቱን ታበራለች፤ ሹፌሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ቶዮታ በሌክሰስ መኪኖቹ ላይ በ2006 እንዲህ ያለ ካሜራ ሲገጥም መጀመሪያ የሚከታተለው ፊቱ ወዴት እንደዞረ ብቻ ነበር፤ የዐይን ቆቡ ንባብ ቆይቶ ተጨመረ። ጥቁር መነጽርና የመነጽር ነጸብራቅ እስከ ዛሬ ያስቸግራሉ።

ይህ ዘዴ በጥብቅ የተፈተነው በማዕድን ማውጫዎች ነው። በአውስትራሊያ ከ300 ቶን በላይ የሚሸከሙ ገልባጭ መኪናዎች ሌት ተቀን አንድ መንገድ ይመላለሳሉ፤ ከዚያ የበለጠ የሚያንገላጅጅ ሥራ ማግኘት ይከብዳል። የካንቤራው ሲንግ ማሽንስ ኩባንያ የሠራው መሣሪያ የሹፌሩ ዐይን ሲከደን በድምፅ ያስጠነቅቃል፣ ወንበሩን ያንዘረዝራል፣ ቪዲዮውንም ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይልካል። እዚያ ያለ ሰው አይቶ ሹፌሩን በሬዲዮ ያናግረዋል። ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጩኸት ብቻ ሲሆን ሹፌሩ አጥፍቶት ሊቀጥል ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የእንቅልፍ ማስጠንቀቂያን ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደግሞ በሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ላይ አስገድዷል። መለኪያው ከ1 እስከ 9 የሚሄድ የስዊድን የእንቅልፍ ሚዛን ነው፤ 1 ፍጹም ንቁ ነው፣ 8 ደግሞ እንቅልፍ መጥቶበት ነቅቶ ለመቆየት የሚጥር ሰው ነው። መኪናው ቢዘገይ 8 ላይ መናገር አለበት። ካሜራው የሚሰበስበው መረጃም ለሦስተኛ ወገን እንዳይሰጥ ሕጉ ይከለክላል፤ ተገቢ ክልከላ ነው።

ድካምን ከምንጩ የሚይዘው ግን የሥራ ሰዓትን የሚመዘግበው መሣሪያ ነው። በአውሮፓ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ ታኮግራፍ የሚባለው ይህ መሣሪያ ይመሰክርበታል። በአሜሪካ ደግሞ ከ10 ሰዓት እረፍት በኋላ የሚፈቀደው 11 ሰዓት መንዳት ነው፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ምዝገባው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሆኗል። እዚያ ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰዓት ቆጣሪ በደንብ ያውቁታል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ካሉት መኪናዎች አብዛኞቹ ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት የተሠሩ ናቸው። በጅቡቲ መስመር የአፋር ሙቀት ብዙ ሹፌሮችን ወደ ሌሊት ጉዞ ይገፋል፤ ሰውነት በጣም በሚደክምበት ሰዓት ማለት ነው። ጋቢና ውስጥ ያለው ጠባቂ ረዳቱ ነው፤ እያወራ ያነቃል፣ ዐይን ያያል። እሱም ሲያሸልብ ግን የቀረ የለም። ጫት የእንቅልፍ ስሜትን ያዘገያል፣ የእንቅልፍን ዕዳ ግን አይከፍልም፤ ኃይሉ ሲያልቅ ዕዳው አንድ ላይ ይመጣል። ካሜራው አሮጌ መኪና ላይም ለብቻው ሊገጠም ይችላል፤ በተለይ ነዳጅ ለሚጭን ቦቴና ለሌሊት ሰው ለሚያመላልስ አውቶቡስ ወጪው የሚቆጭ አይደለም።

ማስጠንቀቂያው ከጮኸ በኋላ ያለው ሥራ የሹፌሩ ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮኽ የሚረዱት ለጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ ማነቃቃት እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ጋደም ማለት ይበጃል፤ ሲነሳ ሁለቱም ይደርሱለታል። ከዚህ ረዘም ብሎ የተኛ ሰው ሲነሳ ይደነዝዛል፤ ድንዛዜው እስኪለቀው ከመኪናው ወርዶ መራመድ እንጂ ወዲያው መሪ መያዝ የለበትም።